ካፓሲተር ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ፋራዱን አይደለም

ጣሪያችን ላይ ከዲሹ ጎን አንድ አጭር አንቴና ተክያለሁ። የቴሌቪዥን አይደለም። አውሮፕላኖች ቦታቸውን፣ ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን በ1090 ሜጋኸርዝ እየደጋገሙ ይናገራሉ፤ አንቴናው እሱን ይሰማል። ኤዲኤስ-ቢ ይሉታል። ማታ ከቦሌ የሚነሱትን አንድ በአንድ ካርታ ላይ ሳያቸው፣ ድምፃቸው ጆሮዬ ከመድረሱ በፊት ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲሉ፣ እስካሁን ድረስ ደስ ይለኛል።

ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አውሮፕላን አይደለም። ስለ ካፓሲተር ነው፣ ቻርጅ ስለሚያከማቸውና አቅሙ በፋራድ ስለሚለካው ዕቃ። በተለይ ስለ ሁለት ሥራዎቹ። አንዱ ዲሲውን፣ ማለትም እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን ከረንት፣ አግዶ ሲግናሉን ማሳለፍ ነው፣ ዲሲ ብሎክ የምንለው። ሌላው ፓወር መስመር ላይ የወጣውን ሲግናል ወደ ግራውንድ ማውረድ ነው፣ ባይፓስ የምንለው። ሰርክት የሚሠራ ሰው ለሁለቱም "100 ናኖ አድርግበት" ሲባል ይሰማና ያደርጋል። ኦዲዮ ላይ፣ አርዱይኖ ቦርድ ላይ ይሄ ያስኬዳል። ወደ ጊጋኸርዝ ሲጠጉ ግን አያስኬድም። ለምን እንደማያስኬድ በራሴ ቦርድ ላይ ነው ያየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንቴናው እስከ ክፍሌ 20 ሜትር የዲሽ ኬብል አለ። አርጂ-6 የሚባለው ኬብል በ1 ጊጋኸርዝ አካባቢ በ100 ሜትር ወደ 20 ዲሲቤል ይበላል፤ የኔ 20 ሜትር ታዲያ ወደ 4 ዲሲቤል ይወስዳል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሲግናል ኃይል ክፍሌ ሳይደርስ ኬብሉ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አምፕሊፋየሩን ላይ፣ አንቴናው ሥር ማስቀመጥ። ፓወሩን ደግሞ ሌላ ሽቦ ሳይጎትቱ በዚያው ኬብል መላክ። የኔ ሪሲቨር በአንቴና ኬብሉ 4.5 ቮልት ገደማ መላክ ይችላል፣ ለዚህ ይበቃል።

በአንድ ኬብል ፓወርና ሲግናል መላክ እንግዳ ነገር አይደለም። ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ ያደርገዋል። ሪሲቨሩ በኬብሉ 13 ወይም 18 ቮልት ወደ ኤልኤንቢው፣ ዲሹ ላይ ወዳለው ሲግናል ተቀባይ፣ ይልካል፤ 13 ሲሆን ቨርቲካሉን፣ 18 ሲሆን ሆሪዞንታሉን ያመጣል። በዚያው ሽቦ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ያለው ሲግናል ወደ ታች ይወርዳል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ አይጋጩም። ኬብሉ ሪሲቨሩ ውስጥ በሚገባበት በር ላይ አንዲት ጤፍ የምታህል ካፓሲተር ቆማለች። 18ቱን ቮልት ወደ ቱነሩ አታስገባም፣ ሲግናሉን ታሳልፋለች። ዲሲ ብሎክ ማለት እሷ ናት። ቮልቱ በሚመጣበት በኩል ደግሞ ኮይል አለ፤ ከኮይሉ ጀርባ ሌላ ካፓሲተር ወደ ግራውንድ ወርዷል። ባይፓስ ማለት እሱ ነው።

የኔም ሰርክት አሠራሩ ያው ነው። በመጀመሪያዋ ቦርድ ሁለት ትንንሽ የአምፕሊፋየር ቺፖችን በተከታታይ አስቀመጥኩ። ሁለቱም ከአንድ የፓወር መስመር ይጠጣሉ። ዲሲ ብሎኩም ባይፓሱም 100 ናኖፋራድ ነበር፣ 0603 በሚባለው መጠን፣ ማለትም 1.6 በ0.8 ሚሊሜትር። እጄ ላይ ብዙ ስለነበረኝ ነው የመረጥኩት፣ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ሰቅዬ አበራሁት። የማያቸው አውሮፕላኖች ቁጥር አልጨመረም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንቴናውን ስለካ፣ ኮኔክተር ስቀይር፣ ኬብሉን ስመረምር ቆየሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር። ችግሩ ያለው ባይፓሱ ላይ ነበር።

ካፓሲተር ወረቀት ላይ ሲሳል ሁለት ትይዩ መስመር ነው። እጃችን ላይ ሲሆን ግን ሦስት ነገር ነው። ካፓሲተሩ ራሱ አለ፣ ከሱ ጋር በተከታታይ ትንሽ ኢንዳክተር፣ ማለትም እንደ ኮይል የሚሠራ ነገር፣ አለ፣ ትንሽ ሬዚስተርም አለ። ኢንዳክተሩን ማንም አላስቀመጠውም። ከረንት በብረት ውስጥ እስካለፈ ድረስ ኢንዳክታንስ ይኖራል። ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር የካፓሲተሩ ተቃውሞ ይቀንሳል፣ የኢንዳክተሩ ይጨምራል። አንድ ቦታ ላይ እኩል ይሆኑና ይጠፋፋሉ። እዚያ ላይ የሚቀረው ሬዚስተሩ ብቻ ነው፤ ካፓሲተሩ ወደ ግራውንድ ከሚያወርደው ሁሉ በደንብ የሚያወርደው እዚያ ነው። የራሱ ሬዞናንስ የሚባለው ይህ ነጥብ ነው። ከዚያ በላይ ሲወጣ ዕቃው ካፓሲተር መሆኑ ይቀራል፣ ኢንዳክተር ሆኗል። የተገዛው 100 ናኖ ይሁን 10 ናኖ ለውጥ የለውም።

የኔን ቦርድ እናስላው። የ0603 ካፓሲተር የራሱ ኢንዳክታንስ፣ በሄንሪ የሚለካው፣ ከ0.6 ናኖሄንሪ ብዙ አይርቅም። ወደ ግራውንድ የሚያወርደው ቪያ፣ ቦርዱን በስቶ የሚያልፍ በብረት የተለበጠ ቀዳዳ፣ ደግሞ አለ። 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ተራ ቦርድ ላይ 0.4 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው አንድ ቪያ ወደ 1.2 ናኖሄንሪ ይሆናል። ሲደመር 1.8። ልብ በሉ፣ ቪያው ብቻውን ከካፓሲተሩ እጥፍ ነው። 100 ናኖፋራድና 1.8 ናኖሄንሪ የሚገናኙት 12 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። እኔ የምፈልገው 1090 ላይ ነው። እዚያ 100 ናኖ ብቻውን ቢሆን ከ2 ሚሊኦም በታች ይሰጠኝ ነበር፤ 1.8 ናኖሄንሪው ግን 12 ኦም ነው። ስለዚህ ዜሮ ነው ብዬ ባሰብኩት ቦታ 12 ኦም ቁጭ ብሏል። ሁለቱ ቺፖች በጋራ ፓወር መስመራቸው በኩል ይነጋገራሉ። ጌይኑ፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ ሲግናሉን የሚያጎላበት መጠን፣ የወረደው ለዚህ ነው።

ይሄን ሳላሰላ በፊት የሰማሁትን ምክር ተከተልኩ። "ከትልቁ ጎን ትንሽ ጨምርበት፣ 100 ፒኮ" የሚለውን። ጨመርኩ። ነገሩ ባሰበት። ያየኋቸው አውሮፕላኖች እንዲያውም ቀነሱ። ሪሲቨሩን ከ1090 አውጥቼ ታች ድረስ ስፈልግ 265 ሜጋኸርዝ አካባቢ አንድ ወፍራም መስመር ስክሪኑ ላይ አገኘሁ። ሬዲዮ ጣቢያ መሰለኝ። ጣቴን ወደ ቦርዱ ሳስጠጋ መስመሩ ተንቀሳቀሰ። ጣቴን ሳነሳ ተመለሰ። ሰው ጣቱን ሲያስጠጋለት የሚሸሽ ጣቢያ የለም፤ የራሴ አምፕሊፋየር ኦሲሌት እያደረገ፣ ማለትም ራሱ ሲግናል እየፈጠረ ነበር።

ቦርዷን በወረቀት ጠቅልዬ መርካቶ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ የማከብራቸው አዛውንት ጋ ወሰድኳት።

"ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።"

መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው በአጉሊ መነጽር ተመለከቷት። "እግሯ ረዘመ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ይቺ እኮ እግር የላትም። ሰርፌስ ማውንት ናት።"

"አላት። ግራውንድ እስክትደርስ ያለው መንገድ ሁሉ እግሯ ነው። አንተ የቆጠርከው ሽቦውን ብቻ ነው።"

ከመደርደሪያቸው ሥር አንድ ያረጀ የቴሌቪዥን ቱነር አውጥተው ክዳኑን በካቻቢቴ ፈለቀቁት። ቱነር በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው የሚሠራው። ፓወሩ ወደ ሳጥኑ የሚገባው በሽቦ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ በተበየደ ትንሽ ቱቦ መሐል አልፎ ነው። ያ ቱቦ ካፓሲተር ነው፣ ፊድስሩ ይሉታል። አንዱ ጫፉ በመሐል የሚያልፈው ሽቦ ነው፣ ሌላው ጫፉ ዙሪያውን ሁሉ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቋል። እግር የሚባል ነገር የለውም። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮችም እግራቸው ተቆርጦ አካላቸው ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ነበር የተበየዱት። እግር ያለው ተራ የሴራሚክ ካፓሲተር በየእግሩ 5 ሚሊሜትር ቢተው ወደ 10 ናኖሄንሪ ይሆናል፤ 100 ናኖ ከሆነ ደግሞ ሬዞናንሱ 5 ሜጋኸርዝ ላይ ይወርዳል። እነዚያን ቱነሮች የሠሩት ሰዎች ይሄን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እኔ ያየሁት ነገር ሁሉ እዚያ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ነበር፣ ደግሞም በጣም በሚያምር ሥራ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ካፓሲተር ስመርጥ ቅደም ተከተሌ ተገልብጧል። መጀመሪያ የምጠይቀው "ከፒኑ እስከ ግራውንድ ስንት ናኖሄንሪ አለ?" ነው። ፋራዱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛዋን ቦርድ ስሥል መጠኑን ወደ 0402 አወረድኩት፣ 1 በ0.5 ሚሊሜትር ናት፣ እውነትም የጤፍ ፍሬ። በወረንጦ ስትያዝ ትንፋሽ ይበቃታል ለመብረር። ቪያውን ሁለት አደረግኩት፣ ከፓዱ ጠርዝ ጋር አስጠግቼ፣ በመሐሉ ምንም መስመር ሳልጎትት። ካፓሲተሩን ከኮይሉ ጫፍ ጋር አጣበቅኩት። ቀጭን መስመር በየሚሊሜትሩ ከግማሽ እስከ 1 ናኖሄንሪ ይጨምራል፤ "እዚህ ቦታ ጠበበኝ" ብለው 10 ሚሊሜትር ቢያርቁት 1090 ላይ ብዙ አሥር ኦም ገባ ማለት ነው። እንደዚህ ተጠባብቆ ሲሠራ ድምሩ ወደ 1 ናኖሄንሪ ወረደ።

ፋራዱን የመረጥኩት ያኔ ነው። 1 ናኖሄንሪ ከስንት ፒኮ ጋር ነው 1090 ላይ የሚገናኘው? 22 ፒኮፋራድ 1073 ሜጋኸርዝ ይሰጣል። የሚገዛ ዋጋ ነው፣ ቅርብም ነው። የ100 ናኖን ቦታ 22 ፒኮ ወሰደው፤ በቁጥር ከ4 ሺህ ጊዜ በላይ ያነሰ ካፓሲተር፣ በሥራ ግን የተሻለ።

ስሌት ብቻ እንዳይሆን ለካሁት። አንድ ጓደኛዬ እስከ 3 ጊጋኸርዝ የሚሄድ ናኖቪኤንኤ፣ ሲግናል በየፍሪኩዌንሲው ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚለካ መሣሪያ፣ አለው፤ የመጀመሪያው ዓይነት 900 ሜጋኸርዝ ላይ ስለሚቆም ለዚህ አይሆንም። በባዶ ቦርድ ላይ 50 ኦም መስመር አዘጋጅቼ መሐሉ ላይ ካፓሲተሩን ወደ ግራውንድ በየድኩት። ጥሩ ባይፓስ ከሆነ ሲግናሉን ሁሉ ስለሚያወርደው ወደ ሌላኛው ጫፍ የሚደርስ ነገር መኖር የለበትም። 100 ናኖው በአንድ ቪያ 1090 ላይ ሲግናሉን ያወረደው 7 ዲሲቤል ብቻ ነው። 100 ፒኮው 8። የሚገርመው ይሄ ነው፣ በዚያ ቪያ ላይ ሁለቱ እኩዮች ናቸው፣ ምክንያቱም የሚታየው ካፓሲተሩ ሳይሆን ቪያው ነው። 22 ፒኮዋ በሁለት ቪያ ከ30 ዲሲቤል በላይ አወረደች። ያንን ጉድጓድ ስክሪኑ ላይ ሳየው ተነስቼ ቆምኩ።

አሁን ወደዚያ 265 ሜጋኸርዝ ልመለስ፣ ምክንያቱም "ትልቅና ትንሽ ጎን ለጎን" የሚለው ምክር ብዙ ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳል ብዬ አምናለሁ። 100 ናኖው ከ12 ሜጋኸርዝ በላይ ኢንዳክተር ሆኗል ብለናል። 100 ፒኮው በ1.8 ናኖሄንሪው እስከ 375 ሜጋኸርዝ ድረስ ገና ካፓሲተር ነው። በሁለቱ መሐል ታዲያ ምን አለ? ኢንዳክተርና ካፓሲተር ጎን ለጎን ተገናኝተዋል። ይሄ ደግሞ ሬዲዮ ጣቢያ የምንመርጥበት ሰርክት ነው። ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም ጠቅላላ ተቃውሞው፣ እንዲወርድ ፈልገን እዚያ ቦታ ላይ ጭራሽ እንዲወጣ አደረግነው። የኔ ስሌት 265 አካባቢ ላይ 60 ኦም የሚደርስ ጫፍ አሳየኝ። ቺፖቹ ደግሞ እዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከ1090 የበለጠ ጌይን አላቸው። ጌይን አለ፣ መመለሻ መንገድ አለ፤ ኦሲሌት ቢያደርግ ምን ይገርማል!

እዚህ ላይ የሚያድነው የኃይል ኪሳራ ነው። የካፓሲተሩ ውስጥ ሬዚስታንስ ሲያንስ ጥሩ ነው ተብለን ስለተማርን ሁሉም ሰው ትንሹን ይፈልጋል፣ ነገር ግን ጫፉ የሚረዝመው ሬዚስታንሱ ሲያንስ ነው። ስለዚህ ከ100 ናኖው ጋር በተከታታይ 4.7 ኦም ሬዚስተር አስገባሁ። ከፓወር መስመሩ ጋር ሳይሆን ከካፓሲተሩ ጋር፤ ስለዚህ ዲሲ አያልፍበትም፣ ቮልት አይወድቅበትም። 22 ፒኮዋን ያለ ምንም ሬዚስተር ብቻዋን ተውኳት። ይሄን ባላደርግ ኖሮ 22 ፒኮዋና 100 ናኖው 760 ሜጋኸርዝ አካባቢ ከ100 ኦም በላይ የሆነ ጫፍ ይሠሩ ነበር። በ4.7 ኦሙ ወደ 7 ኦም ወረደ። ለምን 4.7? በዚያ ጫፍ ላይ የ1 ናኖሄንሪው ተቃውሞ 4.8 ኦም ገደማ ስለሆነ ነው። ሬዚስተሩ ከሱ ጋር ሲቀራረብ ጫፉን በደንብ ይገድለዋል።

ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ቺፕ የየራሱ ፌራይት ቢድ፣ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚያግድ ትንሽ ዕቃ፣ ሰጠሁት፣ ከቢዱ ጀርባ፣ ኬብሉ በሚገባበት በኩል፣ 10 ማይክሮፋራድ። ያ ለዝቅተኛው ጫጫታ ነው። ጊጋኸርዝ የሱ ጉዳይ አይደለም።

ወደ ዲሲ ብሎኩ ስንመጣ ታሪኩ ይለወጣል። የመጀመሪያዋ ቦርድ ላይ ዲሲ ብሎኩም 100 ናኖ ነበር ብያለሁ። ሊጎዳኝ ይገባ ነበር? ለካሁት። በመስመሩ ላይ በተከታታይ ሲገባ የጠፋው 0.1 ዲሲቤል እንኳ አልሞላም! ያው ካፓሲተር፣ ባይፓስ ሆኖ ያዋረደኝ።

ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። በተከታታይ ሲሆን ቪያ የለም፣ 0.6 ናኖሄንሪው ብቻ ነው፣ 4 ኦም። ከአንድ በኩል 50 ኦም ከሌላ በኩል 50 ኦም ባለበት መንገድ ላይ 4 ኦም ኢንዳክተር ቢጨመር ሲግናሉ አይሰማውም። ባይፓስ ላይ ግን የምንፈልገው ዜሮ ነው፤ ከዜሮ ጋር ሲወዳደር 4ም ብዙ ነው። ስለዚህ ጭንቀታችሁን ባይፓሱ ላይ አድርጉት። እኔ ብዙ ሰርክቶች ላይ የማየው ተቃራኒውን ነው፤ ለዲሲ ብሎኩ ውድ ካፓሲተር ይገዛል፣ ባይፓሱ ግን ራቅ ብሎ፣ በአንድ ቪያ፣ በቀጭን መስመር ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

ይሁን እንጂ 100 ናኖውን ከዲሲ ብሎኩም አንስቼዋለሁ። ለዲሲ ብሎክ የምጠቀምበት ልክ ቀላል ነው፤ በምሠራበት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተቃውሞው ከ50 ኦም አንድ አሥረኛ፣ ማለትም ከ5 ኦም፣ አይብለጥ። በ1090 ይሄ ወደ 30 ፒኮ ነው፤ እኔ 33 አደረግኩ። በ3.5 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ የአማተር ሬዲዮ ሰው ያው ሒሳብ 10 ናኖ ይሰጠዋል። ትንሽ የመምረጥ ጥቅሙ ታች ያለውን ቆሻሻ መከልከሉ ነው። 33 ፒኮ በ1 ሜጋኸርዝ ላይ ወደ 5 ኪሎ ኦም ነው፣ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ከ30 ዲሲቤል በላይ ይወርዳል። ለኤፍኤም ግን አትመኑት፣ 100 ሜጋኸርዝ ላይ የሚቀንሰው 1 ዲሲቤል ገደማ ብቻ ስለሆነ ለሱ ፊልተር ነው የሚያስፈልገው።

ሌላው ምክንያት ካፓሲተሩ የተሠራበት ሴራሚክ ነው። 22 እና 33 ፒኮ ስንገዛ ሲ0ጂ የሚባለውን ማግኘት ቀላል ነው፣ ኤንፒ0 የሚሉትም እሱኑ ነው። ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ እስከ 125 ዲግሪ ድረስ በየዲግሪው ከ1 ሚሊዮን 30 ክፍል በላይ አይለወጥም። 100 ናኖው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤክስ7አር ነው፣ በዚያው ሙቀት ውስጥ በ15 በመቶ ይዋዥቃል። ዋይ5ቪ የሚባለውን ደግሞ ከነጭራሹ ተዉት፤ 82 በመቶ ድረስ ሊያጣ ይችላል። የኔ ቦርድ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ነው ያለው። ቀን ቆርቆሮው እጅ አያስነካም፣ ሌሊት የአዲስ አበባ ብርድ አለ። በሬዞናንስ ላይ ተመርኩዤ የመረጥኳት 22 ፒኮ ከፀሐይ ጋር የምትጓዝ ብትሆን ምን ዋጋ አላት?

ስለ 10 ማይክሮውም አንድ ነገር ልበል። 6.3 ቮልት የሚል ትንሽ 10 ማይክሮ ገዝታችሁ 5 ቮልት ላይ ብታስቀምጡት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አቅሙን ሊያጣ ይችላል። አልተበላሸም፣ ሴራሚኩ ጠባዩ ነው፤ ዲሲ ሲጫነው ይቀንሳል። በቴስተር ስትለኩት 10 ይላችኋል፣ ምክንያቱም ቴስተሩ ዲሲ አልጫነበትም። ሲ0ጂ ይሄ ችግር የለበትም። እኔ ለ10 ማይክሮው ከፍ ያለ ቮልትና ተለቅ ያለ መጠን፣ 25 ቮልት በ0805፣ እወስዳለሁ።

ከተበላሹ ሪሲቨሮች ላይ ለምትነቅሉ አንድ ዘዴ አለኝ። እነዚህ የሴራሚክ ቺፕ ካፓሲተሮች ላይ ምንም አይጻፍባቸውም። ፒኮውን መለኪያ ይነግራችኋል፣ ሴራሚኩን ግን አይነግርም። ነጣ ያለው ሲ0ጂ ነው፣ ቡናማው ኤክስ7አር ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እኔ የማደርገው ይሄን ነው፤ ካፓሲተሯን መለኪያው ጫፎች መሐል አድርጌ የሶልደሩን ጋለ ብረት ሳላስነካ አስጠጋላታለሁ። ሲ0ጂ ከሆነች ቁጥሩ ዝም ይላል። ካልሆነች ቁጥሩ ዓይናችሁ እያየ ይሄዳል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። በአንድ ከሰዓት ከአንድ አሮጌ ሪሲቨር ላይ የነቀልኳቸውን እንዲህ ለይቼ በመድኃኒት ብልቃጥ አስቀምጫለሁ።

ለሚገዛው ደግሞ የካፓሲተር አምራቹ ሙራታ ሲምሰርፊንግ የሚባል ነፃ መሣሪያ ድረ ገጹ ላይ አለው። የካፓሲተሩን ኮድ ታስገቡና ኢምፒዳንሱን በፍሪኩዌንሲ፣ በሙቀትና በዲሲ ያሳያችኋል። ቆንጆ ነው። ያንን ግራፍ ስታዩ ግን የእናንተን ቪያ እንደማያውቅ አስታውሱ። ግራፉ ላይ የሚታየው ሬዞናንስ ቦርዳችሁ ላይ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። እኔ ከግራፉ ካፓሲተሩን ወስጄ ቪያውን በራሴ እደምራለሁ።

ሁለተኛዋን ቦርድ ባለፈው ወር ሰቀልኳት። መስመሩ 265 ላይ የለም፣ ጣቴንም ባስጠጋ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ድሮ ከከተማው ወጣ ሲሉ የሚጠፉብኝ አውሮፕላኖች አሁን በጣም ርቀው እያሉ ይታዩኛል። ቦርዷን ይዤ ወደ ጋሼ ተመለስኩ። አገላብጠው አይተው፣ ባይፓሷን በጥፍራቸው ጫፍ አመልክተው "አሁን እግሯ አጠረ" አሉኝ። ሻይ አዘዙልኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። አንቴናው በኩል ያለችው 33 ፒኮ ዲሲውን ስለምትዘጋ የአንቴናው መሐል ሽቦ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ተንጠልጥሏል። ደመናና ነፋስ ሲኖር እዚያ ሽቦ ላይ ቻርጅ ይጠራቀማል፣ ካፓሲተሯም የምትችለው 50 ቮልት ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ከአንቴናው ወደ ግራውንድ አንድ ኮይል ልበይድለት አስቤአለሁ፣ ዲሲውን እንዲያፈስ፣ 1090ን ግን እንዳይነካ። ለኮይሉ ያዘጋጀሁት ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የኮይሉን የራሱን ሬዞናንስ ለክቼ እንደጨረስኩ ወደ ጣሪያው እወጣለሁ።